ዑልያኖስ፤ ያደገበትን ሃይማኖት የተወ ንጉሥ



በብዙ አብያተ ክርስቲያናታችን ግድግዳ ላይ ሰማዕቱ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ አንድ ዘውድ የደፋ ንጉሥ በጦር ሲወጋ ተሥሎ ይታያል። ኅዳር 25 ቀን በዓሉን ለማክበር የሄደ ሰው ይህን ሥዕል ሳይሳለም አይመለስም። ከፈረሱ እግር በታች የወደቀው ማን እንደ ሆነ ብንጠይቅ፥ ፊደል ያልቈጠሩ ሕፃናት እንኳ «ከሃዲው ዑልያኖስ ነው» ብለው ይመልሱልናል። ስንክሳሩም ቅዱስ ባስልዮስ በሰማዕቱ ሥዕል ፊት ቆሞ እንደ ጸለየና የጦሩ ጫፍ ደም ነክቶት እንደ ታየ ይተርክልናል።

ሥዕሉ የዑልያኖስን መጨረሻ ያሳየናል፤ መጀመሪያውን ግን አያሳየንም። ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ስለ መጀመሪያው ነው። ይህ ሰው ከሩቅ አገር የመጣ አረመኔ አልነበረምና። ከክርስቲያን ቤት ተወልዶ፥ በኤጲስ ቆጶስ እጅ አድጎ፥ የአናጉንስጢስነት መዓርግ ተቀብሎ በጉባኤ ፊት ቅዱሳት መጻሕፍትን ያነበበ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበር። በየጊዜው ወደ እኛ የሚመጡ አባቶችና እናቶች አሉ፤ «በቅዳሴ ያሳደግሁት ልጄ ሃይማኖቱን ተወ፤ ማን ወሰደብኝ?» እያሉ ያለቅሳሉ። ጥያቄያቸው የሚገባ ጥያቄ ነው። ዳሩ ግን የዑልያኖስን ታሪክ ደጋግመን ስናነብ ከዚህ አስቀድሞ የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ እንዳለ ተረዳን፤ ይኸውም ልጁ በቤታችን ሳለ ያየው ምን ነበር የሚለው ነው። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዑልያኖስ በ331 ወይም በ332 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ ተወለደ። አባቱ ዩልዮስ የታላቁ ንጉሥ የቆስጠንጢኖስ የአባት ልጅ ወንድም ነበር። እናቱ ባሲሊና እሱን በወለደች በጥቂት ወራት ሞተች። በ337 ዓ.ም. ታላቁ ቆስጠንጢኖስ በመጨረሻ ሕመሙ ተጠምቆ ዐረፈ፤ መንግሥቱም ለሦስቱ ልጆቹ ይሆን ዘንድ ተዘጋጀ። ከዚህ በኋላ ጥቂት ወራት ሳያልፉ በቍስጥንጥንያ የነበሩት ወታደሮች ተነሥተው የንጉሡን ዘመዶች ገደሉ። ዑልያኖስ ራሱ ጐልማሳ ከሆነ በኋላ ለአቴና ሰዎች በላከው ደብዳቤ ሟቾቹን ቈጥሯቸዋል። አባቱ፥ አንድ አጎቱ፥ ታላቅ ወንድሙና ስድስት የአጎቶቹ ልጆች ናቸው። የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ጋሎስ የተባለው ወንድሙ ታሞ ስለ ነበረ ራሱ ይሞታል ተብሎ፥ ዑልያኖስም ገና የስድስት ዓመት ያህል ሕፃን ስለ ነበረ።

ትእዛዙን የሰጠው የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆስጠንጢዮስ ነውን ወይስ ወታደሮቹን ዝም ብሎ ተመለከታቸው? የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ለሕፃኑ ግን ይህ ክርክር ምን ይጠቅመዋል? የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ አባቱ ሞቷል፥ በአባቱ ሞት የተጠቀመውም የገዛ የአጎቱ ልጅ በዙፋን ተቀምጦ የጳጳሳት ጉባኤ ይጠራል፥ ስለ ወልድና ስለ አብ ይከራከራል፥ አብያተ ክርስቲያናትም ያሠራል።

ሕፃኑን የተረከበው የኒቆምድያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ ነበር። ይህ አውሳብዮስ በእናቱ በኩል ይዛመደዋል። ሃይማኖቱ ግን የአርዮስ ነበረ፤ በኒቅያ ጉባኤ የተወገዘውን አርዮስን ከደገፉት ዋነኛው እሱ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል። ዑልያኖስ «ክርስትና» ብሎ በልጅነቱ ያወቀው ትምህርት ጌታችንን ፍጡር የሚያደርግ፥ ከቤተ መንግሥት ጋር የሚነግድ፥ እንደ አትናቴዎስ ያሉትን አባቶች የሚያሳድድ ትምህርት ነበር። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው የተወው የእኛን ሃይማኖት አይደለም» ብለው ዕፎይ ይላሉ። እኛ እንዲህ ብለን ዕፎይ ልንል አልቻልንም። ሕፃን የነገረ መለኮትን ልዩነት መርምሮ አይተውምና፤ መስቀል የያዙትን ሰዎች ሁሉ ባንድነት ነው የሚመለከታቸው።

በዚያ ቤት ፍቅር ያሳየው ሰው ማን እንደ ነበረ ዑልያኖስ ራሱ ነግሮናል። መርዶንዮስ የተባለ ጃንደረባ ነበር፤ ቀድሞ እናቱን ያስተማረ ሽማግሌ ነው። ይህ መምህር ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲወስደው ዓይኑን ወደ ምድር አድርጎ በትሕትና እንዲሄድ፥ የፈረስ ሽቅድድምና የዘፈን ቤት እንዳያምረው ይመክረው ነበር። ዛፍና ወንዝ ማየት ብትፈልግ በሆሜር መጽሐፍ ውስጥ ከዚህ ያማረ አለልህ ይለው ነበር። ሆሜር የጥንት ግሪኮች ባለቅኔ ነው፤ መጽሐፉም ስለ ጣዖቶቻቸው ይተርካል። መርዶንዮስ ልጁን ወደ ጣዖት ለመመለስ አስቦ ያደረገው አይመስለንም። በዚያን ዘመን ክርስቲያኖችም ሁሉ ሰዋስው የሚማሩት ከሆሜር ነበር። ነገር ግን ወላጅ የሌለው ልጅ ልቡ የሚጠጋው ወደ ወደደው ሰው ነውና፥ የወደደው ሰው የያዘው መጽሐፍ በልቡ ቀረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዚህም መምህር ለዩት። ቆስጠንጢዮስ ሁለቱን ወንድማማቾች በቀጰዶቅያ ማኬሎም በሚባል የንጉሥ ርስት ስድስት ዓመት ያህል በጥበቃ አስቀመጣቸው። ወዳጅ እንዳይጠይቃቸው ተከለከለ፤ አብረዋቸው የሚጫወቱ ባሮች ብቻ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን አንባቢነት የተሰጣቸውም በዚሁ ጊዜ ነው። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ እንደ ጻፈው ሁለቱ ልጆች ለሰማዕቱ ለማማስ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ሥራውን ተካፍለው ነበር፤ የጋሎስ ድርሻ ሲቆም የዑልያኖስ ድርሻ ግን መሬቱ እንቢ ብሎ ይፈርስ ነበር ይላል። ጎርጎርዮስ ይህን እንደ ምልክት ይቈጥረዋል። እኛ ግን ሌላም ነገር እናይበታለን፤ ጸሎት በግዞት ቤት የሚሰጥ የሥራ ድርሻ ሆኖበት ነበር።

በዚያው በቀጰዶቅያ አንድ ብዙ መጻሕፍት ያሉት ካህን ነበር፤ ስሙ ጊዮርጊስ ይባላል። ከሰማዕቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እንዳይምታታብን። ልጁም ከዚህ ሰው መጻሕፍት እየተዋሰ ያስገለብጥ ነበር። ይህ ጊዮርጊስ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በኋላ የአርዮሳውያን ወገን በአትናቴዎስ መንበር ላይ በእስክንድርያ ያስቀመጠው ሰው እሱ ነውና። ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ በ356 ዓ.ም. ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፥ አትናቴዎስ የሾመው ፍሬምናጦስ፥ አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን የምንለው አባታችን፥ ሃይማኖቱ ይመረመር ዘንድ ወደ ጊዮርጊስ ይላክ ብሎ ነበር። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ ስላኖረልን እስከ ዛሬ ይነበባል። ባንድ ወገን ዑልያኖስን ያሳደገው፥ በሌላ ወገን አባ ሰላማን ሊመረምር የፈለገው ይኸው አንድ ቤተ መንግሥት ነበረ። የጊዮርጊስ መጨረሻ አላማረም። በ361 ዓ.ም. መጨረሻ የእስክንድርያ ሕዝብ ገደለው። በዚያን ጊዜ ነግሦ የነበረው ዑልያኖስ ለከተማው ሰዎች የተግሣጽ ደብዳቤ ላከና አለፋቸው፤ ስለ መጻሕፍቱ ግን አጥብቆ ጻፈ፤ በልጅነቴ ስላየኋቸው ዐውቃቸዋለሁ፥ አንድ ሳይቀር ተፈልገው ይምጡልኝ ብሎ አዘዘ።

ዑልያኖስ ክርስትናን በልቡ የተወው በሃያ ዓመቱ፥ በ351 ዓ.ም. ነው። ይህንም ራሱ በኋላ ለእስክንድርያ ሰዎች ጽፎላቸዋል። አስቀድሞ በኒቆምድያ ሲማር ሊባንዮስ የተባለውን ዝነኛ አረማዊ መምህር እንዳይሰማ በመሐላ ታስሮ ነበር። መሐላውን ጠበቀ፤ ጉባኤው ላይ አልተገኘም። ነገር ግን ሌላው ሰው የሰማውን ሲጽፍ ጽሑፉን በገንዘብ እየገዛ አነበበ። ልጆቻችንን «ይህን አትስማ፥ ያን አታንብብ» ብለን ብቻ ለምናሳድግ ሰዎች ይህ መሐላ ይታሰበን። ከዚያም ወደ ጴርጋሞንና ወደ ኤፌሶን ሄዶ መክሲሞስ ከሚባለው ጥንቈላና ፍልስፍና ከቀላቀለ ሰው ጋር ተገናኘ፤ በምሥጢራቸውም ገባ።

ከዚህ በኋላ ዐሥር ዓመት ሰውሮ ኖረ። በ361 ዓ.ም. በጥምቀት በዓል ቀን፥ ዛሬ ፈረንሳይ በምትባለው በጋልያ ቪየን በምትባል ከተማ ሳለ፥ ጣዖት ማምለክ ከጀመረ ዐሥር ዓመት ሆኖት ከሕዝቡ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ጸልዮ ወጣ። ግብዝነት ነው ብለን ለመፍረድ እንቸኩል ይሆናል። በውነቱ ግብዝነት ነው። ዳሩ ግን ወንድሙ ጋሎስ በ354 ዓ.ም. በቆስጠንጢዮስ ትእዛዝ አንገቱን ተቀልቶ ነበር። ዑልያኖስ እውነቱን ቢናገር ማን ይሰማው ነበር? ቀርቦ ጥርጣሬውን የሚነግረው አንድ የንስሓ አባት በዙሪያው አልነበረም፤ የነበሩት ጠባቂዎች ነበሩ።

በ355 ዓ.ም. ጥቂት ወራት በአቴና ተማረ። በዚያም ከእርሱ ጋር ሁለት የቀጰዶቅያ ወጣቶች ይማሩ ነበር፤ እነርሱም ባስልዮስና ጎርጎርዮስ ናቸው። ሦስቱም ያነበቡት መጽሐፍ አንድ ነበረ። ጎርጎርዮስ ከጊዜ በኋላ የዑልያኖስን መልክ ሲገልጽ አንገቱ የማይጸና፥ ዓይኑ የሚቅበዘበዝ፥ ሳቁ ያለ ልክ የሆነ ሰው እንደ ነበረና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ክፉ እንደሚያደርግ እንዳወቀበት ተናግሯል። ይህን የጻፈው ግን ዑልያኖስ ከሞተ በኋላ ነው፤ የቅዱሳን ዓይን እንኳ ያለፈውን ነገር ከሚመጣው ይልቅ አጥርቶ ያያል።

ከሦስቱ ሁለቱ የቤተ ክርስቲያን ዓምድ፥ አንዱ ጠላቷ የሆነበት ምክንያት የግሪክ መጽሐፍ ነው እንዳንል መጽሐፉን ሦስቱም አንብበውታል። ቅዱስ ባስልዮስ የሃይማኖትን ትምህርት መጀመሪያ የተማረው ከአያቱ ከማክሪና እንደ ሆነ ራሱ መስክሯል። ይህች ሴትና ባሏ በስደት ዘመን ሃይማኖታቸውን አንክድም ብለው በጳንጦስ ተራራ ዱር ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል ተሰድደው፥ የዱር አውሬ እያደኑ እየበሉ ኖረው ነበር። ባስልዮስ በአያቱ ጉልበት ሥር ተቀምጦ የሰማው ቃል መከራ የተከፈለበት ቃል ነበረ። ዑልያኖስ ያንኑ ወንጌል የሰማው አባቱን ገድለው ዙፋን ከወረሱ ሰዎች አደባባይ ነው። ይህን ልዩነት ደግመን ደጋግመን ብናስበው አይበዛብንም።

እነሆ በ361 ዓ.ም. በኅዳር ወር ግድም ቆስጠንጢዮስ በድንገት ታሞ ሞተና ዑልያኖስ ብቻውን ነገሠ። ያን ጊዜ የሰወረውን ገለጠ፤ የጣዖት ቤቶች ይከፈቱ ብሎ ዐወጀ። እንደ ቀደሙት ነገሥታት ክርስቲያኖችን ለአንበሳ አልሰጠም። ያደረገው ነገር ከዚህ የረቀቀ ነበር፤ ቆስጠንጢዮስ ያሰደዳቸውን ጳጳሳት በሙሉ ወደየአገራቸው እንዲመለሱ ፈቀደ። በሠራዊቱ ውስጥ የነበረው አረማዊው ታሪክ ጸሐፊ አሚያኖስ ምክንያቱን ሲገልጥ፥ ክርስቲያኖች ነጻነት ሲያገኙ እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ ስላወቀ ነው፤ የዱር አውሬ እንኳ በሰው ላይ እነርሱ እርስ በርስ እንደሚጨካከኑት እንደማይጨክን በልምድ ተረድቶ ነበር ይላል። አሚያኖስ የእኛ ወገን አይደለም፤ ነገር ግን ሊሰድበን ብቻ የጻፈ ሰው ስላልሆነ ምስክርነቱ ያሳፍራል።

ይህን ሁሉ ስንል ዑልያኖስን ንጹሕ ልናደርገው አይደለም። በ362 ዓ.ም. ክርስቲያን መምህራን ሆሜርንና ሌሎቹን የግሪክ መጻሕፍት እንዳያስተምሩ ከለከለ። የባስልዮስና የጎርጎርዮስ መምህር የነበረው የአቴናው ጵሮኤሬስዮስ ንጉሡ ለብቻው ፈቃድ ሲሰጠው እንቢ ብሎ ወንበሩን ተወ። ይህን ሕግ አሚያኖስ ራሱ ጨካኝ ነው፥ ለዘለዓለም በዝምታ ይቀበር ብሎ ነቅፎታል። አትናቴዎስም ተመልሶ ሕዝቡ ሲከተለው ጊዜ ዳግመኛ ተሰደደ። ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነው የአሬቱሳው ኤጲስ ቆጶስ የማርቆስ ነገር ነው። ይህ ሽማግሌ ቀድሞ የጣዖት ቤት አፍርሶ ነበርና ዋጋውን ክፈል ተባለ። አንዲት ሳንቲም አልከፍልም ባለ ጊዜ ሕዝቡ በየመንገዱ ጐተቱት፤ የትምህርት ቤት ልጆች በመጻፊያ ብረታቸው ወጉት፤ በመጨረሻም ማር ቀብተው በፀሐይ ሰቀሉት። ጎርጎርዮስ እንደሚነግረን፥ በ337 ዓ.ም. ያን ሕፃን ከሰይፍ ካተረፉት ሰዎች አንዱ ይህ ማርቆስ ነበረ። ዑልያኖስ ከዚያ የደም ቀን ያተረፈው አንድ የምሕረት መታሰቢያ ቢኖር ይህ ሰው ነበር፤ እርሱንም አላወቀውም።

ዳሩ ግን ያደገበት ቤት ከልቡ ፈጽሞ አልወጣም ነበር። በገላትያ ለነበረው ለጣዖት ሊቀ ካህናት እንደ ላከው ሆኖ በሚተላለፈው ደብዳቤ፥ የእኛ አማልክት ለምን አይከበሩም ብሎ ይጠይቃል። ራሱም ሲመልስ ምክንያቱን በ«ገሊላውያን» ላይ ያገኘዋል፤ ክርስቲያኖችን የሚጠራቸው በዚህ ስም ነው። እንግዳ ይቀበላሉ፥ ሙታንን በክብር ይቀብራሉ፥ የራሳቸውን ድሆች ከመመገብ አልፈው የእኛንም ድሆች ይመግባሉ፤ እኛ ግን ወገናችንን አንረዳም ይላል። ስለዚህም በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ ይሠራ ብሎ አዘዘ፤ ለገላትያም በየዓመቱ 30,000 መስፈሪያ ስንዴና 60,000 መስፈሪያ ወይን ጠጅ መደበ። እንግዲህ የቤተ መንግሥቱ ክርስትና ከሸፈነበት ነገር መካከል አንድ ነገር አይቶ ነበር ማለት ነው። ምናልባት በማኬሎም ሳለ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ለድሆች እህል ሲሰፈር ተመልክቶ ይሆናል፤ ይህ ግምታችን ነው።

ስንዴውን መመደብ ቻለ፤ ሰፋሪዎቹን ግን ከየት ያምጣቸው? በ362 ዓ.ም. በአንጾኪያ አጠገብ በዳፍኒ የአጶሎን በዓል የሚከበርበት ቀን ደረሰ። ንጉሡ ነጭ የለበሱ ወጣቶች፥ የሚሠዉ ከብቶች፥ ዕጣንና ቍርባን እያሰበ ገሥግሦ ሄደ። ሲደርስ በቤተ ጣዖቱ ያገኘው አንድ ሽማግሌ ካህን ብቻ ነው፤ እርሱም ከቤቱ አንዲት ዝይ ይዞ መጥቶ ነበር። ታሪኩን የጻፈው ዑልያኖስ ራሱ ነው፤ የአንጾኪያን ሰዎች ሲወቅስ እንዲህ አለ፦ ሚስቶቻችሁ የቤታችሁን ሁሉ አውጥተው ለገሊላውያን ይሰጣሉ፥ በዚያም ድሆችን ይመግባሉ። የመንግሥት ትእዛዝ ያልቻለውን በየቤቱ ያሉ ሴቶች ያደርጉት ነበር።

ቂሣርያ ዘቀጰዶቅያ የጣዖት ቤት ስላፈረሰች ዑልያኖስ ከከተሞች ተራ ሰርዟት ነበር። ንጉሡ ከሞተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያች በተሰረዘችው ከተማ ዳርቻ ቅዱስ ባስልዮስ ለድሆች፥ ለእንግዶችና ለለምጻሞች ቤቶች ሠራ። ለምጻሙን በራሱ እጅ ይቀበለው፥ ይስመውም ነበር ይላል ጎርጎርዮስ። ሁለቱ የአቴና ተማሪዎች የተመኙት ቤት ይህን ያህል ተመሳሳይ ነበረ።

ዑልያኖስ በመጋቢት ወር 363 ዓ.ም. ከአንጾኪያ ተነሥቶ ወደ ፋርስ ዘመተ። በጁን 26 ቀን ጥሩር ሳይለብስ ወደ ሰልፍ ሲሮጥ ጦር ጎኑን ወጋው፤ በዚያችም ሌሊት በድንኳኑ ውስጥ ሞተ። ዕድሜው ሠላሳ ሁለት ዓመት አይሞላም፤ ብቻውን የነገሠውም ሃያ ወር ያህል ነው። ወሬው ሲሰማ በአንጾኪያ ታላቅ ደስታ ሆነ፤ በአብያተ ክርስቲያናትም በዘፈን ቤቶችም ተጨፈረ። ጎርጎርዮስ በንጉሡ ላይ እጅግ የመረረ ድርሰት ጽፏል፤ በዚያው ድርሰት ግን ክርስቲያኖችን፥ ዘመኑ ለእናንተ ሆነ ብላችሁ የበደሏችሁን አትበቀሉ እያለ ይለምናቸዋል።

ሬሳውን ዘመዱ ጵሮኮጵዮስ ተሸክሞ ወደ ጠርሴስ ወሰደው፤ በከተማይቱም ዳር ቀበረው። ዑልያኖስ ከአንጾኪያ ሲወጣ ዳግመኛ ወደዚያች ከተማ እንደማይመለስ፥ ከዘመቻው በኋላ በጠርሴስ እንደሚከርም ተናግሮ ነበር። ጠርሴስ የሐዋርያው የጳውሎስ አገር ናት።